ለሥላሴ የተሰጠች

አቶ ትዕዛዙ ከጉባኤው መሃል ተነሥተው ወጡ። መውጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ሰው ዞር ብሎ ባላያቸው ነበር። ነገር ግን በገንዳ ውሃው የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ጫማ የሚወለቀው በር ላይ ነው፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ በሩ ላይ የሚከመረው ጫማ ጉልበት ይደርሳል። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የገዛ ሸበጣቸውን ከክምሩ ሲፈልጉ፣ አንዱን እግር አግኝተው ሁለተኛውን ሲያጡ፣ አስተማሪው ትምህርቱን አቋርጦ ጠበቀ። ሕዝቡም ጠበቀ። በመጨረሻ አንዱን ተጫምተው፣ በሌላው እግራቸው የማን እንደሆነ ያልታወቀ ጫማ አጥልቀው ወደ ፀሐዩ ሄዱ። ከአዳራሹ ሰው ሁሉ እሳቸውን ያላየች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። አየሁሽ ትባላለች፤ መሬት መሬቱን ታይ ነበር። አባቷ ናቸው።

አስተማሪው አንዱአምላክ ይባላል። የዳባት ልጅ ነው፤ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራል፣ እሁድ እሁድ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ። በክርክር የረታው ሰው የለም። የዚያን ዕለት ያስተማረው ከመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ አሥራ አንድ ነበር፦ ዮፍታሔ ለጦርነት ሲወጣ፣ ድል ብትሰጠኝ ስመለስ ከቤቴ መጀመሪያ ወጥቶ የሚቀበለኝን መሥዋዕት አድርጌ አቀርብልሃለሁ ብሎ ተሳለ፤ ከበሮ እየመታች ወጥታ የተቀበለችው አንድያ ልጁ ነበረች። አንዱአምላክ ታሪኩን ተረከና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ዛሬም በስለት ስም ልጃቸውን የሚያርዱ ዮፍታሔዎች በመካከላችን አሉ!" አለ።

ስም አልጠራም። መጥራት አላስፈለገውም። ገንዳ ውሃ ትንሽ ከተማ ናት። ባለፈው ሳምንት አንዱአምላክ ሽማግሌዎች አቶ ትዕዛዙ ወደሚኖሩበት ሽንፋ ልኮ አየሁሽን ማስጠየቁን፣ አቶ ትዕዛዙም፣ "ልጀ ለሥላሴ የተሰጠች ናት፤ የኔ አይደለችምና ልሰጣችሁ አልችልም" ብለው መመለሳቸውን የማያውቅ አልነበረም።

ነገሩ የቆየ ነው። አየሁሽ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ እናቷ በሞተች ማግሥት፣ አባቷ የሚተውላት ዘመድ ስላልነበራቸው ለሰሊጥ አጨዳ አብደራፊ ይዘዋት ወረዱ። እዚያ ካላዛር የሚባለው የቆላ በሽታ ያዛት። ሆዷ ተነፋ፤ ክንዷ እንደ ማሽላ አገዳ ቀጠነ። አባቷ ራሳቸው እንደሚያወሩት፣ ለሥላሴ ተሳሉ፦ ካዳንክልኝ ለገዳምህ እሰጣታለሁ፣ ትመነኩስልሃለች። ዳነች። አድጋም ነርስ ሆነች፤ የምትሠራውም እሷን የያዛት በሽታ ይዟቸው የሚመጡ የቀን ሠራተኞች በሚተኙበት ክፍል ነው። አባቷ በየዓመቱ ጥር ሥላሴ ሲመጣ፣ "ትምህርቷን ትጨርስ"፣ "ትንሽ ትሥራ" እያሉ ስለቱን ሲያቆዩት ኖሩ። የሚወዷትን ልጅ አውጥቶ መስጠት አልሆነላቸውም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይባል። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንዲህ ያለ ከባድ ቦታ ሲገጥመው ሰው በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንዱ ገጹን ገልብጦ የሚያልፈው ፈሪ ነው። ሌላው ከመሃል አንዲት ቁጥር መዝዞ የሚሮጠው ነው፤ ይሄኛው ይብሳል፤ የመዘዘው ስለት ያለው ነገር ነውና፣ የሚሮጠውም ወደ ሰው ነውና። አንዱአምላክ የተማረ ነው፣ አማኝ ነው፣ ደግሞም የሚወዳትን ሊነጠቅ ነው። ሦስቱም ተደምረው የዚያን ዕለት ከሁለተኛው ወገን አደረጉት።

* * *

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ አንዱአምላክ አየሁሽ የምትሠራበት ሆስፒታል ግቢ ደረሰ። የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ ሐዋ ከሩቅ አየችው።

"ሊቁ መጣልሽ" አለቻት አየሁሽን።

"የለችም በይው።"

ሐዋ ራሷን በመስኮቱ አወጣች። "የለሁም ብላሃለች" አለችው።

አየሁሽ በንዴት ወጣች። ነጭ ጋውኗን አላወለቀችም። ከግቢው ኒም ዛፍ ሥር ፊት ለፊት ቆሙ፤ ለወትሮው እዚያ ዛፍ ሥር ሲገናኙ ማን ቀድሞ እንደሚስቅ አይታወቅም ነበር።

"አየሁሽ፣ እስኪ ንገሪኝ፤ ያልተጻፈ ምን ተናገርኩ? አንዲት ቃል ጨምሬያለሁ?"

"አልጨመርክም።"

"ታዲያ?"

"ሁሉም ልክ ነበር። ልክ በሆነ ነገር ነው አባቴን ሕዝብ ፊት ጫማ ያስለቀምከው።"

"እኔ እኮ አንችን ላድን ብየ ነው! እዚያ ገዳም ገብተሽ ዕድሜሽን ሙሉ..."

"ዮፍታሔ ልጁን ከደጅ ሲያያት ምን አላት?" ብላ አቋረጠችው።

አንዱአምላክ አሰበ። "ወዮ ልጄ፣ አዋረድሽኝ፣ አስጨነቅሽኝ፣ አላት።"

"እሷን ነው የወቀሰ፤ እሱ ተስሎ እሷን። አባቴ ጀርባው ላይ አዝሎኝ ከእርሻው እስከ ሐኪም ቤት ሲሄድ፣ ልብሱ ላይ ሁሉ ሳስመልስ፣ አስጨነቅሽኝ አላለኝም። ከዚያ ወዲህም አንድ ቀን ብሎኝ አያውቅም። ያችን ቁጥር ለምን ዘለልካት?"

አንዱአምላክ ወደ ዛፉ ግንድ ዞረ። ተማሪዎቹ ቢያዩት አያምኑም ነበር።

"ለክርክርህ አልተመቸችህም" አለች። "ትናንት ማታ አባየ ቆረጠ። ዘንድሮ በጥር ሥላሴ ይሰጠኛል። ዮፍታሔ ነህ ተብየ እንዴት ዝም እላለሁ አለ። ሲያባብል የኖረውን ስለት በቁጣ አስፈጸምከው።"

ፀሐዩ በቅጠሉ መሃል ፊቷ ላይ ይወርድ ነበር። አንዱአምላክ እጁን ሊዘረጋ ፈልጎ አልቻለም። በሕይወቱ የረታቸውን ክርክሮች ሁሉ መልሶ ቢሸነፍባቸው በወደደ።

"እሽ አትሂጂ" አለ በመጨረሻ። "እምቢ በይ።"

"እፈራለሁ" አለችው።

"አባትሽን?"

"አይ። እግዜርን።" ይህን ስትል የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ ከዓይኗ ውስጥ ብቅ ብላ ታየችው። "ሕይወቴ በዚያ ቃል የተያዘ ነው። ቃሉ ቢታጠፍ እኔን ወይም እሱን ምን እንደሚያገኘን አላውቅም። ትኩሳት ባለብኝ ቁጥር፣ ጉንፋን እንኳ ሲይዘኝ፣ 'መጣ፣ ሊወስደኝ ነው' እላለሁ። አንተ ይኼን አታውቅም፤ ነግሬህ አላውቅም።"

ጥላው ሥር ብቻውን ትታው ገባች። እሱ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሷ ጋር ፈራ።

* * *

ሳምንቱን ሁሉ አልተያዩም። ሲደውል አታነሣም። ሐዋ በመንገድ ስታገኘው፣ "ፊትህ የሰሊጥ ጆንያ መስሏል፤ ቢያንስ ተላጭ" ትለውና ታልፋለች። ዓርብ ዕለት ግን ያችው ሐዋ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቃ የታጠፈ ወረቀት ሰጠችው።

"እኔ የናንተን መጽሐፍ አላውቅም" አለችው። "ግን ልጅቷ ሌት ተቀን እሱን ገልጣ ታለቅሳለች። እኛ እስላሞች ዘንድ ሰው ያላወቀውን ያዋቂ ፊት ቁጭ ብሎ ይቀራል፣ ይማራል እንጂ እርስ በርሱ አይሞሻለቅም። በል አንብብ።"

እንዲህ ይል ነበር፦

"አንዱአምላክ፣ አባቴን ልታሳምን ከሆነ አትምጣ። ልታነብ ከሆነ ግን ነገ ሽንፋ ና። ከአንደኛው ቁጥር እንጀምራለን። ማንም አይዘልም፤ ማንም ያልተጻፈ አይጨምርም። አባየን ለምኜዋለሁ፤ እሽ ብሎኛል። ምዕራፉን ብቻየን ልጨርሰው ሞክሬ ነበር፤ ሠላሳኛዋ ቁጥር ላይ ስደርስ ዓይኔ አይሄድልኝም። የምፈራውን ቦታ የምወዳቸው ሰዎች አብረውኝ ሆነው ባነበው ይሻለኛል።"

"የምወዳቸው" የሚለውን ደጋግሞ አነበበው። እዚያ ውስጥ እሱም እንዳለበት ለማመን ድፍረት አጣ።

* * *

መንገዱ ሰላም የሆነበት ቅዳሜ ነበር። የሽንፋ ሙቀት በጥርም አይበርድም። አቶ ትዕዛዙ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ራኩባ፣ በማሽላ አገዳ በተሠራው ዳስ ጥላ፣ ጠፍር አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። አንዱአምላክ እጅ ሲነሣ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

"ተቀመጥ" አሉት። "ጫማህን ማውለቅ የለብህም፤ እዚህ የሚሸሽ የለም።"

አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። አየሁሽ ቀዝቃዛ ከርከዴ ቀድታ አስቀመጠችላቸውና መጽሐፏን ገለጠች። ዓይኗን ከገጹ አላነሣችም።

"ዮፍታሔ ጽኑዕ ኃያል ሰው ነበረ ይላል" ብላ ጀመረች። "እናቱ ጋለሞታ ነበረች። አባቱ ካገባት ሚስቱ የወለዳቸው ልጆች ሲያድጉ፣ የሌላ ሴት ልጅ ስለሆንክ በአባታችን ቤት አትወርስም ብለው አባረሩት። ከወንድሞቹ ሸሽቶ ጦብ የሚባል አገር ሄዶ ተቀመጠ።"

"ቆይ" አሉ አቶ ትዕዛዙ። "ድገሚው።"

ደገመችው።

"ወንድሞቹ ናቸው ያባረሩት?"

"አዎ አባየ።"

ሽማግሌው ወደ አንዱአምላክ ዞሩ። "ይኼን በጉባኤው ለምን አላነበብከውም?"

"ከሠላሳኛው ቁጥር ነው የጀመርኩት፣ አያ ትዕዛዙ።"

"እኔም ስሰማው የኖርኩት ከሠላሳኛው ነው።" ከርከዴውን አንሥተው ሳይጠጡ መለሱት። "ልጁን የሚያርድ ጨካኝ ነው የመሰለኝ። ይኼ ሰውየ ለካ የኔ ቢጤ ነው።"

አየሁሽ ቀና አለች። አባቷ ስለ ትውልድ አገራቸው ስለ ጎጃም አውርተው አያውቁም።

"አባቴ ሲሞት" አሉ ቀስ ብለው፣ "መሬቱን ልንካፈል ተሰበሰብን። ታላቄ ተነሣና፣ 'ይኼ ዲቃላ ነው፣ ምን ይካፈላል?' አለ። ሽማግሌዎቹም ዝም አሉ። ከማጭድ በቀር የያዝኩት አልነበረም፤ መተማ ወረድኩ። ይኼን በረሃ በፈቃዱ የወረደው ስንቱ ነው? ጦብ አገር ማለት እኮ ይኼው ነው።" ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። "በይ ቀጥይ። እንግዲህ ሰውየውን አውቄዋለሁ።"

ቀጠለች። ጦርነት ሲመጣ ያባረሩት የገለዓድ ሽማግሌዎች ራሳቸው መጥተው ሲለምኑት፣ እሱም ብመለስ አለቃ ታደርጉኛላችሁ ወይ ብሎ ሲያስምላቸው አነበበች።

"ውል ነው" አሉ አቶ ትዕዛዙ። "ተመልከት፤ ሁሉን ነገር በውል ነው የሚይዘው። በነጻ የሰጠው የለማ።"

አንዱአምላክ ይህን ምዕራፍ ስንቴ እንዳስተማረው አያውቅም። እንዲህ ብሎ አንብቦት ግን አያውቅም። ምላሱ ላይ አንድ ንግግር ሙሉ መጣ፤ የአየሁሽን ዓይን አየና ዋጠው። ዝም ብሎ መስማት እንደዚህ እንደሚከብድ፣ እንደዚህም እንደሚጣፍጥ አያውቅም ነበር።

"ከዚያ" አለች አየሁሽ፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ "የእግዚአብሔር መንፈስ በዮፍታሔ ላይ ሆነ፤ አገሩንም አልፎ ወደ አሞን ልጆች ሄደ። ከዚያ..." ሠላሳኛው ቁጥር ላይ ደርሳለች። ቃሉ አልወጣ አላት።

አንዱአምላክ እጁን በገጹ ላይ ዘረጋ፤ ጣቱ ከጣቷ ጎን አረፈ። "እኔ ላንብበው" አላት። "ዮፍታሔም ለእግዚአብሔር ተሳለ፤ የአሞንን ልጆች በእጄ ብትሰጠኝ..." ድንገት ቆመ። ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈችውን ቁጥር አየ። እንደገና አየ። ፊቱ ተለወጠ።

"ምነው?" አሉ ሽማግሌው።

ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከዚያ በመናገር ፋንታ ጠየቀ። "አያ ትዕዛዙ፣ መንፈሱ በዮፍታሔ ላይ የሆነው ከስለቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

"በፊት ነዋ። አሁን አነበበችው አይደል?"

"አዎ፤ በፊት።"

ሽማግሌው ከጠፍር አልጋው ቀና አሉ። "ቆይ እንጅ። ረዳቱ ቀድሞ ከመጣ ስለቱን ምን ሊያመጣበት ተሳለው?"

አየሁሽ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ስትጠይቅ በሹክሹክታ ነበር።

"አባየ፣ አንተስ መቼ ነው የተሳልከው?"

"ታመሽ ሳለሽ ነዋ።"

"መቼ?"

አቶ ትዕዛዙ ፊታቸውን አዞሩ። ይህን ታሪክ ለሰው ሁሉ አውርተውታል፤ ሁልጊዜም፣ "ልትሞትብኝ ስትል ተሳልኩ" እያሉ ነው። ራሳቸውም እንደዚያ አምነውት ኖረዋል። አሁን ግን ያቺን ጧት መልሰው አዩዋት።

"ልትሞችብኝ ስትይ አፌ ተዘግቶ ነበር" አሉ። "ልለምን ብል ቃል የለኝም። እንጨት ሆኘ አጠገብሽ ቁጭ ብየ ነበር። መርፌውን ሲወጉሽ ሰነበቱ። አንድ ጧት ዓይንሽን ገለጥሽና፣ 'አባየ፣ ውሃ' አልሽኝ። ከስንት ቀን በኋላ! አጠጣሁሽ። ፈገግ አልሽ። ያኔ ደስታው ሳይሆን ፍርሃቱ ያዘኝ ልጀ። ለኔ እንደው በነጻ የተሰጠኝ ነገር የለም፤ ይችንም አሳይተው ሊነጥቁኝ ነው አልኩ። ሮጨ ከግቢው ወጣሁና አሸዋው ላይ ተንበርክኬ፣ 'ሥላሴ፣ ተውልኝና ያንተው ትሁን' አልኩ።"

"ከዳንኩ በኋላ?" አለች። "ውሃ ከጠጣሁ በኋላ?"

"በኋላ።"

አየሁሽ አባቷን ትኩር ብላ አየች። ስንት ዓመት ሙሉ በአንዲት ቃል ላይ የተንጠለጠለች መስሏት፣ ያቺ ቃል ብትበጠስ የምትወድቅ መስሏት ኖራለች። ቃሏ ግን በኋላ ነው የመጣችው። ከቃሏ በፊት ዓይኗን ገልጣለች፤ ከቃሏ በፊት ውሃ ጠጥታለች፤ ፈገግ ብላለች። ማንም ምንም ቃል ሳይገባ፣ እንዲሁ፣ ለአንድ አፉ ለተዘጋበት ሰው ልጁ ተሰጥታዋለች።

"ምንም ሳትልለት ነዋ የሰጠህ" አለችና ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። ለቅሶዋ የሐዘን አልነበረም። አቶ ትዕዛዙ ያንን ሻካራ እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው፣ "ተመስገን፣ ተመስገን" ይሉ ነበር፤ ሌላ ነገር ማለት የተሳናቸው እስኪመስል።

አንዱአምላክ ከመቀመጫው ወርዶ መሬት ላይ ተንበረከከ። "ይቅር ይበሉኝ አያ ትዕዛዙ። ሰው ፊት አዋርጄዎታለሁ። ያላነበብኩትን ነው ያስተማርኩት።"

ሽማግሌው ቁልቁል አዩት። "ተነሥ። ከሠላሳ ጀምረህ ነው ያዋረድከኝ፤ ነገ ከአንድ ጀምረህ አስተምራቸው።" ደግሞ፣ "ያችንም ጫማ ባለቤቷን ፈልግላት፤ ጠባኛለች" አሉ። አየሁሽ በእንባዋ መሃል ሳቀች።

ግን ወዲያው ፊታቸው ከበደ። "ቢሆንም ቃል ወጥቷል። በፍርሃትም ቢሆን የሥላሴን ስም ጠርቻለሁ። እንደ ዋዛ አጥፌ አልተኛም።" የቀረውን ምዕራፍ አንብበው ሲጨርሱ ደግሞ እንደ መገረም አሉ። "ምዕራፉ እስኪያልቅ ስሰማ አንድ ነገር ጠበቅሁ። ልጅቱ ከመሠዋቷ በፊት ሁለት ወር ሙሉ ተራራ ለተራራ ስታለቅስ፣ አንድ ሰው እንኳ ሄዶ ካህን አልጠየቀም?"

"አልጠየቀም" አለ አንዱአምላክ። "በኦሪት ዘሌዋውያን መጨረሻ ላይ እኮ ተጽፏል፤ ሰው በስለት የተሰጠ እንደሆነ ካህኑ ፊት ይቅረብ፣ ይታይለት ይላል። በር ነበረው። ዮፍታሔ አላንኳኳም።"

"እኔ አንኳኳለሁ" አሉ አቶ ትዕዛዙ።

ካህኑ ምን እንደሚል ማንም አያውቅም። ሦስቱም ግን በአንድ ገጽ ላይ አጎንብሰው በመዋላቸው፣ የሚመጣው ቢመጣ እንኳ አየሁሽ ብቻዋን የምትፈራ መሆኗ ቀርቶ ነበር። አንዱአምላክን እስከ መንገዱ ሸኘችው። ሲለያዩ ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ እሱም፣ "እግዜር ይስጥልኝ" አላት፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችውም።

* * *

ጥር ሰባት ቀን የሥላሴ ንግሥ ላይ ከሽንፋም፣ ከገንዳ ውሃም፣ ከየእርሻው ካምፕም ሰው ጎርፎ ነበር። ታቦቱ ወጥቶ በድንኳኑ ዕረፍት ሲያደርግ ባለስለቶቹ ይሰለፋሉ፤ ጥላ ያመጣ፣ ምንጣፍ ያመጣ፣ ሻማ ያመጣ። እያንዳንዱ በሕዝቡ ፊት ቆሞ የተደረገለትን ይናገራል፤ ሕዝቡም እልል ይላል። አቶ ትዕዛዙ ከሰልፉ ወጥተው የነፍስ አባታቸውን ቄስ ደረበን ወደ ዋርካው ጥላ ወሰዷቸው። አየሁሽ ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላቸው ቆመች። ትንሽ ራቅ ብላ ሐዋ፣ እዚያ ምን እንደምትሠራ የሚጠይቃት ቢመጣ የምትመልሰውን አዘጋጅታ፣ ዣንጥላዋን ይዛ ቆማለች።

አቶ ትዕዛዙ ሁሉንም ተናገሩ፤ ውሃውንም፣ አሸዋውንም።

ቄስ ደረበ በመስቀላቸው ጫፍ ጢማቸውን አከክ አከክ አደረጉ። "ትዕዛዙ፣ አንተን ላመንኩስህ ብል እሽ ትላለህ?"

"እኔን? ኧረ አባ፣ እኔ ምን..."

"አየህ። በሌላ ሰው አፍ እሽ ተብሎ የመነኮሰ የለም። ያ በር ሰው በገዛ እግሩ ሲመጣ ብቻ የሚከፈት ነው። አስረህ ብታመጣትም የሚቀበልህ ገዳም የለም።"

"ሐና ሳሙኤልን ሰጥታ የለም ወይ?"

"ሰጥታለች። ሕፃኑ ሲያድግ እግዚአብሔር ራሱ በሌሊት ስሙን ጠርቶ አናገረው፤ እሱም በገዛ አፉ መለሰ። በእናቱ አፍ ብቻ ነቢይ አልሆነም። ያንተን ልጅ ጠርቷት ከሆነ እሷ ትነግረናለች። ስለትህ ግን ምስጋና ነው፤ ምስጋናህን ይዘህ ሕዝቡ ፊት ቁም፣ እሱ ይበቃል። እስኪ ልጅቱን ጠይቀሃታል?"

"ምን ብየ?"

"ምን ትፈልጊያለሽ ብለህ።"

አቶ ትዕዛዙ ያስታመሟት፣ ያስተማሯት፣ በየዓመቱ ጥር እየመጣ ሲሄድ በልባቸው የደበቋት ልጅ ናት። ይህችን አንዲት ጥያቄ ግን ጠይቀዋት አያውቁም። መልሷን ይፈሩ ነበር።

ዞሩ። "አየሁሽ" አሉ፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ መሰላቸው። "ልጀ፣ አንችስ... ምን ትፈልጊያለሽ?"

የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ቆመች። ለሌላ ልጅ ቢሆን ተራ ጥያቄ ነው። ለእሷ ግን ሕይወቷን አንሥተው መዳፏ ላይ እንዳስቀመጡላት ሆነባት። ገዳም እገባለሁ ብትል ትገባለች። ዛሬ እሱም በእጇ ነው። ዓይኗን በሕዝቡ ላይ ወረወረች፤ ከሩቅ፣ ከመዘምራኑ ኋላ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ወደ ዋርካው የሚያይ አንድ ሰው አለ። ሊሰማት አይችልም።

"ከበሽተኞቼ ጋር መዋል እፈልጋለሁ" አለች። "ማታ ደግሞ ቤቴ መግባት። አንዱአምላክን..." ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች፤ ንግግሯን ግን አልተወችም። "አንዱአምላክን እወደዋለሁ አባየ።"

ከዣንጥላው ሥር ረጅም እልልታ ተሰማ። ቄስ ደረበ ዞር አሉ። "ሐዋ፣ ገና ነው! ስለቱ አልተነገረም!"

"ምን ላድርግ አባ፣ አመለጠኝ!"

አቶ ትዕዛዙ ልጃቸውን ግንባሯን ስመው፣ እጇን ይዘው፣ ሰልፉን አልፈው ድንኳኑ ፊት ወጡ። ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ መስሎት ሁሉም አንገቱን ሰገግ አደረገ፤ ከመዘምራኑ ኋላ የቆመው ሰው ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"ጎረቤቶቼ" አሉ ሽማግሌው። "ልጄ ታማብኝ ነበር።" ቆሙ። ብዙ ሊናገሩ አስበው ነበር፤ ሁሉም ከአፋቸው ጠፋ። እጇን ብድግ አደረጉት። "ይኸው ናት። ዳነችልኝ። ሥላሴን አመስግኑልኝ። ሌላ የማመጣው የለኝም።"

ከዚያ ከሴቶቹ በኩል አንዷ ጀመረች፤ ከዚያ ሜዳው በሙሉ። እልልታው የሽንፋን ወንዝ ተሻገረ።

አየሁሽ መሃሉ ላይ ቆማ ሰማችው። ይህ ሁሉ ሰው ስለ ምንም ነገሯ አይደለም እልል የሚለው፤ በሕይወት ስላለች ብቻ ነው። አንዱአምላክ በሰዉ መሃል እየተጋፋ ሲመጣ አየችው። ያ የቃል ባለጸጋ፣ ፊቷ ሲደርስ አንድም ቃል አልነበረውም፤ እንባው በጉንጩ እየወረደ ብቻ አያት። እሷም አየችው። በረጅሙ፣ እስከ ደረቷ ጥግ ድረስ ተነፈሰች፤ አየሩ የራሷ ነበር።